ሁለት የማንጎ ወራት
(ስለ ሥራ ፈጠራ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በማኅበራችን የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት አገሬ ገብቼ ሳለሁ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ልጨርስ ጥቂት እንደ ቀረኝ፥ ከዚያም በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር እንደማስብ ለአያቴ ነገርኋቸው። እርሳቸውም በበርታ ቋንቋችን «የፊተኛው ምን ጎድሎት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህን እንደ ምንም ካስረዳሁ በኋላ ደግሞ «የምትማረውስ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ሥራ መፍጠር» ብዬ ብመልስላቸው ከልባቸው ሳቁ። «ልጄ፥ ሥራ ጠፍቶ የሚፈጠርበት አገር የት ነው? እዚህ እኮ የምናረጀው ሥራ በዝቶብን ነው» አሉ።

ዛሬ ማታ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «አዲስ ብልኃትና ዘላቂነት ስላለው የሥራ ፈጠራ የድኅረ ምረቃ ትምህርት» የሚል ነው። ርእሱ በጣም ረጅም ነው፤ የአያቴ ጥያቄ ግን አጭር ስለ ሆነ የሚያስቸግረኝ እርሱ ነው። ስለዚህ ለእርሳቸው ሳልሰጥ የቀረሁትን መልስ በእናንተ ፊት ልሞክረው እወዳለሁ።

ብዙዎቻችሁ ሆሞሻን በስም እንኳ አታውቋት ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አሶሳ ይደረሳል። ሆሞሻ ከአሶሳ ወደ ሱዳን ወሰን፥ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የምትገኝ ወረዳ ናት። አካባቢው በሦስት ነገር ይታወቃል፤ እነርሱም ወርቅ፥ ቀርከሃና ማንጎ ናቸው። ወርቁን የፈለጉ ብዙዎች ናቸው። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲልክ ከተመኛቸው ነገሮች አንዱ በዚህ አቅጣጫ የሚገኘው ወርቅ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ገደማ አገሩን ካስገበሩ በኋላ፥ ሼክ ኆጀሌ አል ሐሰን ግብራቸውን ይከፍሉ የነበረው በወርቅ ነው። ከዚያ ሁሉ ወርቅ እኛ ዘንድ የቀረውን ብትጠይቁኝ ጕድጓዱን ላሳያችሁ እችላለሁ።

ስለ ቃሉ ትርጉም ብዙ አልናገርም፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁላችንም የተማርነው ነው። ኢንተርፕረነር የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፥ አንድን ሥራ በራሱ ኃላፊነት ይዞ የሚነሣ ሰው ማለት ነው። ኦስትሪያዊው ሹምፔተር በ1911 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፥ እንዲህ ያለው ሰው የታወቁትን ነገሮች ባልታወቀ መንገድ አገናኝቶ አዲስ ነገር የሚያወጣ ነው ብሎ አስተማረ። ይህን ለፈተና ሸምድደን መልሰናል። እኔም ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ጥሩ ውጤት ማግኘቴን የምነግራችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን በደንብ እንድትመዝኑልኝ ነው።

አምና በግንቦት ወር የዕረፍታችን ጊዜ ከማንጎው መብሰል ጋር ስለ ተገጣጠመልን፥ አራት ጓደኛሞች ሆነን ሆሞሻ ላይ ማንጎ አድርቀን ለመሸጥ ተነሣን። ሐሳቡ እንዲህ ነው። በማንጎ ወራት ፍሬው ከዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል፤ ፍየሉም ይሰለቸዋል። የጭነት መኪና የቀረ እንደ ሆነ፥ ወይም መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋ እንደ ሆነ (ይህ ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደ ደረሰ በወለጋ በኩል የተመላለሰ ያውቀዋል) ዋጋው ከምንም አይቈጠርም። ማንጎ ደግሞ ከመቶው ከሰማንያ እጅ በላይ ውሃ ነው። ልጣጩና ዘሩ ወጥቶ ሥጋው ሲደርቅ፥ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ከሚሆን እሸት ማንጎ 1 ኪሎ ደረቅ ይገኛል። ደረቁ ለጭነት ቀላል ነው፤ መኪና ቢዘገይ ለወራት ይጠብቃል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ዛሬም አልተውሁትም።

ሒሳቡን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። አራታችን እያንዳንዳችን 1,750 ብር አዋጥተን 7,000 ብር ሆነ። አክስቴ ከዕቁቧ የደረሳትን 12,000 ብር አበደረችን። በዚህ በ19,000 ብር መጀመሪያ 300 ኪሎ ማንጎ በ4,500 ብር ገዛን። ለላስቲክና ለቀርከሃ መደርደሪያ 2,300፥ ማንጎውን ለሚልጡና ለሚከትፉ አራት ሴቶች የሦስት ቀን ዋጋ 1,800፥ ለማጓጓዣ 1,400 ብር ወጣ። የቀረው 9,000 ብር ወዴት ገባ ትሉኝ ይሆናል። ማሸጊያ ከረጢት ላይ ገባ። «የሆሞሻ ማንጎ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ 100 ግራም ከረጢት ልናሳትም ብንሄድ፥ አታሚው ከ500 በታች አልቀበልም አለን፤ እኛም ዕቃችን ቈንጆ ሆኖ ካልታየ አይሸጥም ብለን በአንድ ቃል ተስማማን። እንግዲህ የከረጢቱ ዋጋ የማንጎውን እጥፍ ሆነ። ይህን የሠራነው አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፤ ከአራታችንም አንዱ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነው። ስሙን አልናገርም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል።

ሦስት ቀን ደኅና ፀሐይ አየን። በአራተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። ላስቲክ አለበስነው፤ ላስቲኩ ከውስጥ አላበውና ማንጎው ሻገተ። በአምስተኛው ቀን አዲስ ማንጎ ከትፈን እንጀምር ብንል ሴቶቹ አልመጡም። ወዴት ሄዱ ብለን ብንጠይቅ ወርቅ ለማጠብ ወርደዋል ተባልን። ወርቅ በገበቴ የሚታጠበው በውሃ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር የወርቁም ሥራ ይጀምራል። ወርቅ የምታጥብ ሴት አንዳንድ ቀን ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ዕድል በቀናት ቀን ግን ከእኛ የቀን ዋጋ ብዙ እጥፍ ታገኛለች። እኛ ያሰብነው ተፎካካሪያችን ሌላ ማንጎ ነጋዴ ይሆናል ብለን ነበር። ተፎካካሪያችን ለካ ወንዙ ኖሯል።

በዚያን ጊዜ ከሴቶቹ አንዷ፥ በዕድሜ እናታችን የሚሆኑ፥ «ልጆቼ፥ በዚህ ወር ዝናብ እንደሚመጣ ማንም ይነግራችሁ ነበር፤ አልጠየቃችሁም እንጂ» አሉን። እኔ ደግሞ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ዝናቡን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ዕቅዱን የጻፍሁት አዲስ አበባ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ነው፤ በዕቅዱ ቅጽ ላይም «ገበያ»፥ «ካፒታል»፥ «ተወዳዳሪ» የሚል ቦታ ነበረ እንጂ «ዝናብ» የሚል ቦታ አልነበረም።

ከ20 ኪሎ በላይ እናገኛለን ብለን 9 ኪሎ አገኘን። እርሱንም በኪሎ 600 ብር ሸጠን 5,400 ብሩን ለአክስቴ መለስን። ለእርሷ 6,600 ብር ይቀርብናል፤ የእኛ መዋጮ ግን ጠፍቷል። 410 ከረጢት ተርፎናል። አያቴ አሁን የማሽላ ዘር ያስቀምጡበታል፤ ጥሩ ነው ይላሉ፥ ነቀዝ አያስገባም።

አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ሲከስር ባየን ጊዜ «በፀሐይ ምን አደከማችሁ? በእሳት አድርቁት፤ እንጨት ሞልቷል» ብሎ መከረን። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዚህ አዘንብሎ ነበር። ዘላቂነት የሚለው ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ ፊቴ የቆመው ያን ጊዜ ነው። ይህ ቃል በ1987 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከብሩንትላንድ ኮሚሲዮን ሪፖርት ወዲህ በየንግግሩ ስለሚነሣ ብዙዎቻችን የጉባኤ ቃል ብቻ ይመስለናል። ሥሩ ግን ከጉባኤ ይልቅ ለሆሞሻ ይቀርባል። በጀርመን አገር በሳክሶኒ የማዕድን ሥራ አስተዳዳሪ የነበረው ካርሎቪትስ በ1713 እ.ኤ.አ. ስለ ደን አያያዝ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ማዕድን ማውጣትና ማቅለጥ ብዙ እንጨት ይፈልጋል፤ በአካባቢው ያለው ደን እየተመናመነ ሄደ። እርሱም ከደን የሚቈረጠው ከሚበቅለው መብለጥ የለበትም አለ። ልብ በሉልኝ፤ ሐሳቡ የወጣው ማዕድኑ በማገዶ ማጣት እንዳይቆም ከተጨነቀ ሰው እንጂ ከተመልካች አይደለም።

በእኛም ዘንድ ማገዶ ቀላል ነገር አይደለም። በወረዳችን ያለው የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙ ሕዝብ ገብቷል። እንግዳውም ባለ አገሩም የሚያበስለው ባብዛኛው በእንጨት ነው። በዚያ ላይ እኛ ማንጎ ማድረቂያ እሳት ብንጨምር፥ ስንት ሸክም እንጨት ለስንት ኪሎ ደረቅ ማንጎ እንደሚፈጅ ከአራታችን ሊያሰላው የሚችል አልነበረም። ቀርከሃውን እንቍረጥ እንዳንል፥ የቆላው ቀርከሃ፥ ሸመል የምንለው፥ ለሥራ የሚበቃው ሦስት ዓመት ያኽል ሲሞላው ነው፤ ደግሞም ብዙ ዓመት ኖሮ በአንድ ጊዜ አብቦ ዘሩን ሰጥቶ በጅምላ የሚሞት ተክል ነው። ደኑ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲደርቅ ያየ ሰው ስለ ካፒታል ያለው አሳብ ይለወጣል።

ዛፉ ራሱስ ጤነኛ ነውን? ነጭ የማንጎ ተባይ የሚባለው በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ታየ፤ ከዚያም እየተስፋፋ ወደ እኛም ደረሰ። በቅጠሉ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ተለጥፎ ጭማቂውን ይመጣል፤ ፍሬው ላይም ገበያ የሚያበላሽ ምልክት ይተዋል። የእኛ ዛፎች ከዘር የበቀሉ፥ ያረጁና ረጃጅሞች ስለ ሆኑ መድኃኒት ለመርጨት አያመቹም። የተሻለው ነገር ቅርንጫፋቸውን ማሳጠርና እያደር በተዳቀለ ችግኝ መተካት ነው። የተዳቀለው ችግኝ ግን እስኪያፈራ ጥቂት ዓመታት ይፈልጋል፤ ባለ ዛፉ በእነዚያ ዓመታት ምን ይበላል? ይህ የግብርና ጥያቄ ነው ወይስ የንግድ? እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ፤ ትምህርት ቤቶቻችን ግን በሁለት ሕንፃ ከፍለውታል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ልመለስ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ይሻገር ነበር። ዛሬ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም አንዱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሥራ ለመፍጠር ዲግሪ የማያስፈልገው አጭር ሥልጠና አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እርዳታ የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማእከል፥ ኤምፕሬቴክ የተባለውን የስድስት ቀን ሥልጠና ለብዙ ሰው ሰጥቷል። ጥሩ ሥልጠና ነው ይባላል፤ እኔም አላጣጥለውም። ታዲያ በስድስት ቀን የሚገኝ ነገር ካለ ሁለት ዓመት ለምን ይባክናል? ይህ የአያቴ ጥያቄ በሌላ አነጋገር ነው።

የእኔ መልስ ይህ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ከስድስት ቀን የሚበልጥበት ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ሁለት ዓመት ማለት ሁለት የማንጎ ወራት ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይከሰራል፤ በሁለተኛው ዓመት የከሰረበት ምክንያት ተመርምሮ እንደገና ይሞከራል። ለድኻ ሰው የማይገኘው ይህ ሁለተኛው ሙከራ ነው። አክስቴ የቀረውን ሳልከፍላት እንደገና እንደማታበድረኝ ነግራኛለች፤ ትክክል ናት። ዩኒቨርሲቲ ግን ለአንድ ተማሪ ሁለተኛውን ዓመት ለመስጠት ይችላል። ይህን ዓመት በክፍል ውስጥ ስለ ሌላ አገር ኩባንያ በማንበብ፥ ከዚያም መጠይቅ በትኖ ሰብስቦ አምስት ምዕራፍ በመጻፍ ካሳለፍነው፥ እውነትም የፊተኛው ዲግሪ የጎደለው ነገር አልነበረም።

በሌላ አገር የተደረገ አለ። በስዊድን በጎተንበርግ የሚገኘው የቻልመርስ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1997 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው የሥራ ፈጠራ ትምህርት ቤት፥ የማስተርስ ተማሪዎች እየተማሩ እውነተኛ ድርጅት ያቋቁማሉ። ስዊድን ሩቅ ነው፤ የሀብቷም መጠን ከእኛ ጋር አይነጻጸርም ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያውስ ባንግላዴሽን እንይ። በቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚክስ መምህር የነበሩት ሙሐመድ ዩኑስ፥ በ1976 እ.ኤ.አ. ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ወዳለችው ወደ ጆብራ መንደር ወርደው የቀርከሃ በርጩማ ከሚሠሩ ሴቶች ጋር ተነጋገሩ። ሴቶቹ ለቀርከሃው የሚበደሩት ከነጋዴ ስለ ሆነ ድካማቸውን ነጋዴው ይበላው ነበር። መምህሩ ለ42 ሰዎች በጠቅላላው 27 ዶላር አበደሩ። ከዚያ የተነሣው ግራሚን ባንክ በ1983 እ.ኤ.አ. በሕግ ባንክ ሆነ፤ በ2006ም የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእርሳቸውና ለባንኩ ተሰጠ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ብድሩን አይደለም፤ እኛ ዕቁብ አለን፤ ብድርም ማንጎ ከመሻገት አያድንም። የምወስደው መምህሩ ከክፍላቸው ወጥተው በእግር መንደሪቱ መግባታቸውንና መጠየቃቸውን ነው። ቀርከሃው ደግሞ እኛም ዘንድ አለ።

ስለዚህ በዚህ ያሉትን መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምለምነው ነገር አለ። በዚህ የትምህርት ዓይነት የሚጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ፥ ተማሪው በአንድ በታወቀ ቦታ ሁለት የምርት ወራት የሠራው ሥራ ሒሳብ ይሁን። መግቢያው፥ ወጪው፥ የቀጠራቸው ሰዎች የተከፈላቸው ዋጋ፥ የፈጀው ማገዶ፥ የተረፈው ከረጢት ሳይቀር ይጻፍበት። ቢከስርም አይጣል። እንዲያውም የከሰረው ጽሑፍ ከተሳካው ይልቅ በቤተ መጻሕፍት በጥንቃቄ ይቀመጥ እላለሁ። ከእኛ በፊት በቤኒሻንጉልም ሆነ በሌላ ቆላ ማንጎ በፀሐይ አድርቆ ዝናብ የደረሰበት ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ያ ሰው አንድ ገጽ ጽፎ ትቶልን ቢሆን ኖሮ የአክስቴ ዕቁብ ይተርፍ ነበር። ደግሞም ተማሪዎቹ ከአንድ የትምህርት ክፍል ብቻ አይምጡ፤ ተባዩን የሚያውቅ፥ ማድረቂያውን የሚሠራና ሒሳቡን የሚይዝ በአንድ ጽሑፍ ላይ አብረው እንዲመረቁ ይፈቀድ። ሕጉ አንድ ጽሑፍ ለአንድ ሰው ነው ይባላል። ሕግ ከሆነ ሊሻሻል ይችላል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ማንጎ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያመጣው ነጋዴ በምን ዲግሪ ተማረ?» ብለው ተከራክረውኛል። ክርክሩ እውነት አለው። ነጋዴው ዝናቡን፥ መንገዱንና ዋጋውን ከእኔ አብልጦ ያውቃል፤ ሥራ ፈጣሪ ከተባለ እርሱ ነው። ነገር ግን ነጋዴው ዛፉን እንዳገኘው ይወስደዋል። ዛፉ በተባይ ቢደርቅ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ ይህም ነውር የለበትም፥ ልጆች አሉት። ሆሞሻ ግን ወደ ሌላ ወረዳ ልትሄድ አትችልም። ዛፉ ከአሥር ዓመት በኋላ ቆሞ እንዲገኝና ሴቶቹ በዝናብ ወራት ከገደል ሥር ጕድጓድ ከመቆፈር የተሻለ የቀን ዋጋ እንዲያገኙ የሚያስብ ሰው በደመወዝም ሆነ በትርፍ የሚኖርበት መንገድ መፈለግ አለበት። እኔ ብማር መማር የምፈልገው ይህን ነው።

የድኅረ ምረቃ ማመልከቻዬን ገና አላስገባሁም። ሀገር አቀፍ የመግቢያ ፈተናውን ለመፈተን እየተዘጋጀሁ ነው። ካለፍሁ ሁለቱን ዓመት ሆሞሻ ላይ እንድሠራ የሚፈቅድልኝ አማካሪ የትም ቢሆን ካገኘሁ እማራለሁ። ካላገኘሁ በፊተኛው ዲግሪ አገሬ ገብቼ በራሴ ወጪ እሞክረዋለሁ፤ ወጪው ከየት እንደሚመጣ ግን ለአክስቴም ልነግራት አልቻልሁም። ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም። ከመምህራኖቻችን መካከል ዛሬ ማታ «አይሆንም፥ ምክንያቱም» የሚለኝ ቢኖር ፈተናው ሳይደርስ ብሰማው ይሻለኛል።

ዘንድሮ ዝናቡ ሳይጀምር፥ በመጋቢት መጨረሻ ቀድሞ ከሚበስለው ማንጎ ጥቂት ኪሎ ብቻ በትንሽ የፀሐይ ማድረቂያ ሣጥን ልንሞክር አስበናል። ሣጥኑን የምንሠራው ከቀርከሃና ከላስቲክ ሆኖ፥ እርጥበቱ እንዲወጣ ከላይ መተንፈሻ ይኖረዋል። ከግብርና ክፍል ስለ ተባዩ የሚያውቅ አንድ ሰው፥ ከምሕንድስና ክፍልም ስለ አየር መዘዋወር የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልገናል። ማደሪያ ከአያቴ ቤት አለ፤ የመኪናውን ዋጋ ግን እያንዳንዱ ራሱን ይችላል። ፈቃደኛ የሆነ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ያነጋግረኝ። ከረጢት በበኩላችን አለን፤ አያቴ ዘር ካስቀመጡባቸው በቀር።